ጆብሴንተር ወይስ በሰዓት 14 ዩሮ ከ25፦ የአንዲት ጀማሪ ሠራተኛ ሒሳብ በፍራንክፈርት

ጀርመን ውስጥ ሥራ የሌለው፣ ከዚህ በፊትም ሠርቶ የሥራ አጥ መድን ያልከፈለ ሰው የሚኖረው በመንግሥት ድጎማ ነው፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ስሙ ቡርገርጌልድ ነበር። የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ጆብሴንተር ይባላል። ፍራንክፈርት ያሉ ያገራችን ሰዎች መጀመሪያ የሚያገኙት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ጽዳት፣ መጋዘን ወይም ወጥ ቤት ነው። ደመወዙ ሲሰማ አንዱ «ከእጅ አይሻል ዶማ፣ ቁጭ ብለሽ ቋንቋሽን ተማሪ» ይላል። ሌላው «የመንግሥት ገንዘብ እየበሉ መቀመጥ ነውር ነው፣ ግቢ» ይላል። ሁለቱም ወረቀትና እርሳስ ይዘው አልቆጠሩም። ሲቆጠር የሚወጣው መልስ ከሁለቱም ምክር ይለያል፤ ምክንያቱም የጀርመን ሕግ ድጎማንና ደመወዝን አንዱን ያዝ፣ ሌላውን ጣል አይልም፤ እስከ አንድ ወሰን ድረስ አብረው ይሄዳሉ።

ጉዳዩን የምናይባት ሴት የአንድ ሰው ፋይል አይደለችም። በጆብሴንተር ደጃፍ አዘውትሮ የሚታየውን ሁኔታ እንድታሳይ የተወሰደች ናት፤ ቁጥሮቹና ደንቦቹ ግን በ2025 እ.ኤ.አ. በሕጉ የነበሩት ናቸው። ዕድሜዋ 26 ነው፤ ላጤ ናት፣ ልጅ የላትም። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ጨርሳለች። ስደተኛነቷ በጄኔቫው ስምምነት መሠረት ጸድቆላት የሦስት ዓመት የመኖሪያ ፈቃድና ሰማያዊውን የጉዞ ሰነድ ይዛለች። ኢንተግራሲዮንስኩርስ የሚባለውን የመጤዎች ኮርስ፣ 600 ክፍለ ጊዜ ቋንቋና 100 ክፍለ ጊዜ ስለ አገሩ፣ ጨርሳ ቢ1 የሚባለውን የቋንቋ ደረጃ አልፋለች። የአንድ ክፍል ቤቷ ኪራይ ከማሞቂያው ጋር 650 ዩሮ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ወረቀት ደረሳት። አንዱ ከጽዳት ኩባንያ የመጣ፣ በሳምንት 39 ሰዓት፣ በሰዓት 14.25 ዩሮ የሚከፍል የሥራ ውል ነው። ሌላው ለሥራ በሚያዘጋጀው የቢ2 ኮርስ ቦታ እንዳገኘች የሚገልጽ ሲሆን፣ 500 ክፍለ ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት፣ በሳምንት 25 ነው። ወደ አምስት ወር ይወስዳል ማለት ነው።

ገና ጉዳያቸው ያልተወሰነ ጥገኝነት ጠያቂዎች በዚህ ሒሳብ አይመሩ። እነሱ በሌላ ሕግ ሥር ናቸው፤ ከደመወዝ የሚተውላቸውም በሌላ ስሌት ነው።

በመጀመሪያ ደመወዙን እንመርምር። የጀርመን አጠቃላይ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 በሰዓት 12.82 ዩሮ ነበር። የሕንፃ ጽዳት ግን የራሱ ወለል አለው፤ በዚያው ዓመት 14.25 ነበር። ይህ ወለል በመላ አገሪቱ ለዘርፉ ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ ያኔ የጽዳት ኩባንያ 12.82 ጽፎ ውል ቢያቀርብ «ሕጋዊው ዝቅተኛ ነው» የሚለው አነጋገሩ ሐሰት ነው። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ አጠቃላዩ 13.90፣ የጽዳቱ 15 ዩሮ ሆኗል። የዚህችኛዋ ውል ትክክለኛ ነው። 39 ሰዓት በሳምንት ማለት በወር 169 ሰዓት ነው፤ ብሩቶው (ምንም ሳይቆረጥ ያለው ደመወዝ) ወደ 2,408 ዩሮ ይመጣል። የጡረታ፣ የጤና፣ የእንክብካቤና የሥራ አጥ መድን ተቀንሶ፣ በግብር ክፍል አንድ ግብሩ ተቀንሶ፣ እጇ የሚገባው 1,710 ያህል ነው። ለየጤና መድኑ የሚጨመረው መዋጮ ስለሚለያይ ጥቂት ዩሮ ወዲህ ወዲያ ይላል።

በሌላ በኩል ድጎማው አለ። ለላጤ ሰው የመኖሪያ ወጪው 563 ዩሮ ነው፤ ይህ ቁጥር ለ2026ም አልተነካም። በዚህ ላይ ኪራይና ማሞቂያ ከልክ እስካላለፈ ድረስ እንዳለ ይከፈላል፤ መብራት ግን ከ563ቱ ነው የሚወጣው። 563 እና 650 ሲደመር 1,213 ዩሮ ይሆናል። ጆብሴንተር «ለዚህች ሰው ለወሩ ይህ ያስፈልጋታል» የሚለው ገንዘብ ይህ ነው። የጤና መድኗንም ይከፍላል። ከሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ፣ በወር 18.36 ዩሮ፣ ነጻ ያደርጋታል። የከተማው የቅናሽ ካርድ ፍራንክፈርት ፓስና የሄሰን ክፍለ ሀገር የትራንስፖርት ቅናሽም አለ።

እስካሁን ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ንጽጽር አደረግን፤ ከኪራይ በኋላ ባትሠራ 563፣ ሙሉ ብትሠራ 1,060 ገደማ ይቀራታል። ልዩነቱ 500 ዩሮ ነው። በ169 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት ሦስት ዩሮ አይሞላም። «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚለው ሰው ያቆመው እዚህ ላይ ነው።

ብዙው ሰው የማይቆጥረው ሦስተኛው መስመር ነው። ሠርቶ የማይበቃው ሰው ጆብሴንተር ይጨምርለታል፤ በጀርመንኛው እንዲህ ያለው ሰው አውፍሽቶከር ይባላል። ደመወዙ በሙሉ አይቀነስበትም። ከብሩቶው የመጀመሪያው 100 ዩሮ እንዳለ ይተውለታል። ከ100 እስከ 520 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ ማለት 84 ዩሮ፤ ከ520 እስከ 1,000 ባለው ላይ 30 በመቶ፣ ማለት 144 ዩሮ፤ ከ1,000 እስከ 1,200 ባለው ላይ 10 በመቶ፣ ማለት 20 ዩሮ ይተውለታል። ከዚያ በላይ ለላጤ ምንም የለም። ድምሩ 348 ዩሮ ላይ ይቆማል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለው ሰው እስከ 1,500 ብሩቶ ስለሚቆጠርለት 378 ይደርሳል።

አሁን ያንኑ ሥራ በሳምንት 20 ሰዓት እንቁጠረው። በወር ወደ 87 ሰዓት፣ ብሩቶ 1,235 ዩሮ ይሆናል። ይህ ከ1,200 በላይ ስለሆነ 348ቱ ሙሉ በሙሉ ይተውላታል። በዚህ መጠን የሚገኝ ገቢ ላይ የሠራተኛው የመድን መዋጮ ዝቅ ያለ ነው፤ ግብርም አይነካውም። ኔቶው፣ ማለት እጇ የሚገባው፣ ወደ 1,030 ይሆናል። ጆብሴንተር ከ1,030ው 348ቱን ትቶ 682ቱን ይቆጥራል፤ ከ1,213 ቀንሶ 531 ዩሮ ይጨምርላታል። ከኪራይ በኋላ የሚቀራት 911 ነው።

ስለዚህ ከኪራይ በኋላ ሲታይ ዜሮ ሰዓት 563፣ 20 ሰዓት 911፣ 39 ሰዓት 1,060 ገደማ። የመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት 348 አመጡ። የቀጠሉት 19 ሰዓታት ደግሞ 150 ያህል ብቻ፤ ከዚያም ላይ የሬዲዮ ክፍያው ይመጣና 130 ይቀራል። በወር 82 ተጨማሪ ሰዓት ለ130 ዩሮ፣ በሰዓት 1 ዩሮ ከ60 ማለት ነው። የትራንስፖርቱ ቅናሽ ሲቀር ደግሞ ዶይችላንድቲኬቱ (የወር የትራንስፖርት ቲኬቱ) በሙሉ ዋጋው፣ በ2025 58 ዩሮ፣ አለ። ኪራይዋ 650 ሳይሆን 850 ቢሆን ኖሮ የባሰ ይሆን ነበር። ከ799 ዩሮ በላይ ኪራይ የሚከፍል ላጤ በዚህ ደመወዝ 39 ሰዓት ሠርቶም የጆብሴንተር ተጠቃሚ ሆኖ ይቀራል። 20 ሰዓት ቢሠራም 39 ሰዓት ቢሠራም እጁ የሚቀረው ያው 911 ነው። ፍራንክፈርት ላይ ይህ ኪራይ ብርቅ አይደለም።

ሚኒጆብ የሚባለው ትንሽ ሰዓት ብቻ የሚሠራበት ሥራስ? በ2025 የደመወዙ ጣሪያ በወር 556 ዩሮ ነበር፤ በዚህ ሰዓት ዋጋ በሳምንት 9 ሰዓት ይሆናል። 195 ዩሮ ገደማ ይተውላታል፤ በሰዓት ሲካፈል 5 ዩሮ ነው፣ ከሁሉም የሚበልጠው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሚኒጆብ ላይ ዓመታት የሚያሳልፈው። የሥራ አጥ መድን ግን አይከፈልበትም፤ የጤና መድንም አያስገኝም፤ አሠሪዎችም በወረቀት ሚኒጆብ ጽፈው በተግባር ከዚያ በላይ የሚያሠሩበት ዋነኛ መንገድ ነው። ለተማሪ ወይም ጨቅላ ልጅ ላላት እናት ካልሆነ በቀር ለዚህች ሴት አይመከርም።

በዚህ ጉዳይ የተሻለው መንገድ ኩባንያውን 20 ሰዓት መጠየቅ ነው። ጽዳት ለዚህ ያመቻል። ቢሮዎች የሚጸዱት ሠራተኛው ሳይገባ ወይም ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ በጀርመን አቆጣጠር ከ17 እስከ 21 ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ምሽት ማለት በልኩ 20 ሰዓት ነው። ጠዋት ኮርስ፣ ማታ ሥራ። ድካሙ ቀላል አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ያሉት ሦስት አራት ሰዓታት ለቤት ሥራና ለምግብ ካልተጠበቁ ኮርሱ መሃል ላይ ይቋረጣል። አምስት ወር ሙሉ ሰዓት ባለመሥራቷ የምታጣው ከ150 ስሌት 750 ዩሮ ነው። የዚህ ዋጋ ምን እንደሆነ ለማየት ከጽዳቱ ቀጥሎ ያለውን በር ማየት ነው። በአረጋውያን እንክብካቤ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ ሥልጠና ለሌለው ረዳት 16.10፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት ሥልጠና ላለው ረዳት 17.35፣ ሦስት ዓመት ለተማረ ባለሙያ 20.50 ዩሮ በሰዓት ነው። በ17.35 እና በ14.25 መካከል ያለው ልዩነት በ169 ሰዓት ሲባዛ በወር ከ520 ብሩቶ ይበልጣል። አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ላይ እያለችም ደመወዝ አለ፤ በመንግሥት ሆስፒታሎች የነርስነት ሠልጣኝ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከ1,300 ዩሮ ብሩቶ በላይ ያገኛል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ግን ለሦስት ዓመቱ ሥልጠና ቢ2 ይጠይቃሉ፤ የ12ኛ ክፍል ማስረጃዋም ተተርጉሞ በክፍለ ሀገሩ የትምህርት ባለሥልጣን መታወቅ አለበት። ማስረጃው ጊዜ ይፈጃል፤ ኮርሱ በተጀመረ ሳምንት ማመልከት ነው እንጂ ካለቀ በኋላ አይደለም።

እዚህ ላይ ጆብሴንተር «ሙሉውን ሥራ ተቀበይ» ቢልስ? የዚያን ጊዜው የሠራተኛ ሚኒስትር ሁበርቱስ ሃይል በ2023 መጸው ጆብ ቱርቦ የሚባለውን ዘመቻ ካስጀመሩ ወዲህ ኢንተግራሲዮንስኩርስ የጨረሰ ስደተኛ ቶሎ ሥራ እንዲገባ ይገፋል። በሌላ በኩል «ማንኛውም ሥራ ከሥልጠና ይቀድማል» የሚለው ደንብ በ2023 ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ወሳኙ ወረቀት ኮኦፔራሲዮንስፕላን ነው፤ አማካሪዋ ጋር በሚጻፈው በዚህ ዕቅድ ላይ «ቢ2፣ ከዚያ የእንክብካቤ አውስቢልዱንግ፣ እስከዚያ የ20 ሰዓት ሥራ» ተብሎ መስፈር አለበት። በቃል የተነገረ ነገር አማካሪው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፤ አማካሪ ደግሞ ይቀየራል።

የሚላከው የሥራ ጥቆማ ግርጌ ላይ ስለ ቅጣት የሚገልጽ ረጅም አንቀጽ ካለበት ግን ቀልድ የለም። በ2025 ደንብ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከ563ቱ 10 በመቶ፣ 56.30 ዩሮ፣ ለአንድ ወር ያስቀንሳል። በዓመቱ ውስጥ ሲደገም 20 በመቶ ለሁለት ወር፣ ከዚያ 30 በመቶ ለሦስት ወር ነው። ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አስቀድሞ የተቀጣና የተጨበጠ ሥራ ደጋግሞ የሚገፋ ሰው 563ቱን በሙሉ እስከ ሁለት ወር ሊያጣ ይችላል፤ ኪራዩ አይነካም። በቀጠሮ አለመገኘትም ለብቻው 10 በመቶ ነው። በ2025 ሥልጣን የያዘው የጥምር መንግሥት ቡርገርጌልድን በሌላ ሥርዓት ሊተካ፣ ቅጣቱንም ሊያጠብቅ ተስማምቷል፤ ስለዚህ ቤሻይድ (የጆብሴንተር የውሳኔ ደብዳቤ) በመጣ ቁጥር ቀኑንና የቅጣቱን አንቀጽ ማየት ነው። ቤሻይዱ ስሕተት ከመሰላት በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ ዊደርሽፕሩክ (ተቃውሞ) ታስገባለች፤ ክፍያ የለውም።

ሥራው የተጀመረ ዕለት የሚበላሸው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ የመጀመሪያው ወር። ጆብሴንተር ገንዘብን የሚቆጥረው በተሠራበት ወር ሳይሆን ሒሳብ ደብተር በገባበት ወር ነው። ቡርገርጌልድ ለሚመጣው ወር ቀድሞ ይከፈላል። የጽዳት ደመወዝ ግን በተለምዶ በሚቀጥለው ወር እስከ 15ኛው ቀን ነው የሚገባው። መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሥራ ብትጀምር የመስከረሙ ድጎማ ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው፤ ደመወዙ የሚገባው በጥቅምት ነውና። በጥቅምት ሁለቱም ይገባሉ፤ ያን ጊዜ የጥቅምቱ ትርፍ ገንዘብ ዕዳ ነው። ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። «ዘንድሮ አማረልኝ» ብለው ለቤተሰብ ይልካሉ፤ ከሦስት ወር በኋላ የመመለሻ ደብዳቤ ይመጣል። አሠሪው በወር መጨረሻ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ዕዳው ገና በመስከረሙ ይጀምራል። ከመፈረሟ በፊት «ደመወዝ የሚገባው በስንተኛው ቀን ነው?» ብላ መጠየቅ ግድ ነው። በተቃራኒው ድጎማው ቆሞ ደመወዙ ገና ከሆነ፣ የቤት ኪራይ ደግሞ በወሩ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን ስለሚፈለግ፣ እስከ 15 ላለው ክፍተት ከጆብሴንተር ብድር መጠየቅ ይቻላል።

ውሉ እንደተፈረመ ያንኑ ቀን ለጆብሴንተር ማሳወቅ፣ የውሉን ግልባጭ መላክ፣ የመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀት ሲመጣ እሱንም መጨመር። ጆብሴንተር ጊዜያዊ ቤሻይድ ያወጣል፤ በአማካይ ደመወዝ ገምቶ ይከፍልና በመጨረሻ ያስተካክላል። ልዩነቱ ከ50 ዩሮ በታች ከሆነ አይጠየቅም። ሰዓቷ ከወር ወር የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ግምቱ ከፍ ያለ ቢሆን ይሻላታል፤ መጨረሻ ላይ ይመለስላታል እንጂ አትጠየቅም። ለሥራ ጫማ፣ ለልብስ፣ ለመጀመሪያው ወር ትራንስፖርት ጆብሴንተር ሊከፍል ይችላል፤ አይንሽቲግስጌልድ የሚባል ለሥራ መነሻ የሚሆን ተጨማሪም አለ። ሁለቱም በአማካሪው ፈቃድ የሚሰጡ ናቸው፤ ዋናው ሕጋቸው ከወጪው ወይም ከሥራው በፊት ማመልከት ነው። ደረሰኝ ይዞ በኋላ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለእኛ ሰው ብቻ የሚነገር አንድ ጉዳይ አለ፣ ዕቁብ። ድጎማው ሲታደስ ጆብሴንተር የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይጠይቃል። ዕቁብ የደረሰው ሰው 3,000 ዩሮ በአንድ ቀን ሲገባለት ለሠራተኛው የሚታየው ገቢ ነው። «የራሴ ቁጠባ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። የአባላቱ ዝርዝር፣ በየወሩ ስንት እንደከፈለች፣ ተራዋ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ካልተያዘ ገንዘቡ በሙሉ ሊቀነስባት ይችላል። ቁጠባ በራሱ ክልክል አይደለም፤ በ2025 ደንብ በድጎማ ላይ ባለችበት በመጀመሪያው ዓመት እስከ 40,000፣ ከዚያ በኋላ እስከ 15,000 ዩሮ ይፈቀድ ነበር። ከዘመድ የሚመጣ ብድርም እንዲሁ በፊርማና በመመለሻ ቀን ካልተጻፈ ስጦታ ተብሎ ይቆጠራል።

የሥራ ውሉ ውስጥ ሰዓቱ በቁጥር መጻፍ አለበት። «እንደ ሥራው ብዛት» የሚል ውል አሠሪው ሲፈልግ የሚጠራት፣ ሲፈልግ የሚተዋት ያደርጋታል፤ ሕጉ ግን ሰዓት ያልተጻፈበትን የጥሪ ውል በሳምንት 20 ሰዓት እንደተስማሙ ይቆጥረዋል። በጽዳት ዘርፍ ገንዘቡ የሚጎድለው በሰዓቱ ዋጋ ሳይሆን በሰዓቱ ቁጥር ነው። በአራት ሰዓት የማያልቅ ፎቅ ይሰጣታል፤ አምስት ተኩል ትሠራለች፤ በወረቀት አራት ይጻፋል። ሆቴል ላይ ከሆነ በክፍል ብዛት ይቆጠራል። የአምስት ተኩሉ ሰዓት ክፍያ በአራት ሲሰጣት የሰዓቱ ዋጋ ወደ 10.36 ወርዷል፤ ይህ ከሕግ በታች ነው። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው የምትሄድበት ጊዜም የሥራ ሰዓት ነው። መድኃኒቱ በየቀኑ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት፣ የሕንፃውንና የኃላፊውን ስም በደብተር መጻፍ ነው። ኩባንያውም ሰዓት የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ክርክር ቢነሳ ፌር ኢንተግራሲዮን የሚባለው የምክር አገልግሎት ለስደተኞች በነጻ ይረዳል፤ የዘርፉ የሠራተኞች ማኅበር ኢ.ጌ. ባው ነው። ለመጠየቅ መዘግየት አያዋጣም፤ ከዝቅተኛው ደመወዝ በላይ ያለውን ለመጠየቅ በውሉ የሚቀመጠው ቀነ ገደብ ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

ሥራው ካልተስማማትስ? በሙከራ ጊዜ ማንኛውም ወገን በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሊያቋርጥ ይችላል። ግን በዋትሳፕ «ነገ አልመጣም» ማለት ስንብት አይደለም፤ ስንብት በእጅ የተፈረመ ወረቀት ነው፣ ከሁለቱም ወገን። ያለ ምክንያት ራሷ ከለቀቀች ጆብሴንተር ይቀጣታል። ስለዚህ ከመልቀቅ በፊት ምክንያቱን በማስረጃ መያዝ አለባት፤ ያልተከፈለ ሰዓት ከሆነ ደብተሩ፣ ሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት። ስትታመም አሠሪው እስከ ስድስት ሳምንት የሚከፍላት ሥራ ከጀመረች አራት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።

ሙሉ ሥራ ላይ ያለው ጥቅም ገንዘብ ሳይሆን ወረቀት ነው፤ ይህ ነገር ደግሞ ለብዙ ሰው ከ150 ዩሮ ይበልጣል። ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ለጸደቀለት ስደተኛ ከአምስት ዓመት በኋላ ይሰጣል፤ የጥገኝነት ሒደቱ ጊዜም ይቆጠራል፤ ኤ2 ቋንቋና ኑሮውን በአብዛኛው በራስ ገቢ መሸፈን ይጠይቃል። በ20 ሰዓት ይህን ማሳየት አከራካሪ ነው፤ በሙሉ ሰዓት አይደለም። ዜግነቱ ጠጣር ነው። ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ የሚጠበቀው ጊዜ ከስምንት ወደ አምስት ዓመት ወርዷል፤ በምትኩ ከጆብሴንተር ገንዘብ የሚወስድ ሰው በመርህ አይሰጠውም። ኪራዩ ከብዶት ሙሉ እየሠራም ድጎማ የሚጨመርለት ሰው በሩ ክፍት ነው፤ ባለፉት 24 ወራት ቢያንስ 20 ወር ሙሉ ሰዓት ሠርቶ ከሆነ። የ20 ሰዓት ሠራተኛ በዚህ አንቀጽ አይገባም። ስለዚህ ከማመልከቻው ቀን ወደኋላ ሁለት ዓመት ቆጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ጀርመን በጥቅምት 2022 ለገባች ሰው አምስት ዓመቱ በጥቅምት 2027 ይሞላል፤ ከጥቅምት 2025 በኋላ ያለው እያንዳንዱ ወር ይቆጠራል ማለት ነው። አምስት ወር ለኮርስ ብትሰጥ 19 ወር ይቀራታል፤ ከ20ው አንድ ይጎድላል፤ ማመልከቻዋን በአንድ ወር ማዘግየት ነው እንጂ ኮርሱን መተው አያስፈልግም። አውስቢልዱንግ ብትገባና በሠልጣኝነት ደመወዟ ያለ ጆብሴንተር ብትኖር ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ ዋናው ጥያቄ ድጎማ አለመውሰዷ ነው።

ባል ወይም ልጅ አገር ቤት ወይም ካምፓላ የቀረባት ከሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል። ስደተኛነቷ የጸደቀላት ሰው በጸደቀ በሦስት ወር ውስጥ የቤተሰብ ጥያቄዋን ካስመዘገበች ገቢና ቤት አይጠየቅባትም። ያ ጊዜ ካለፈ ደመወዝና ስፋት ያለው ቤት ማሳየት ይመጣል፤ ያኔ ከኮርስ በፊት ሙሉ ሥራ መግባት ምክንያት አለው። ከስደተኛነት ያነሰውን ጥበቃ የያዙት ደግሞ ከሐምሌ 2025 መጨረሻ አንሥቶ ለሁለት ዓመት ቤተሰብ ማምጣት ታግዶባቸዋል።

«ከሠራሁ በኋላ ሥራ ባጣም የሥራ አጥ መድን አለኝ» የሚለውም በልኩ ይታይ። በ30 ወር ውስጥ 12 ወር መድን የሚከፈልበት ሥራ የሠራ ሰው ለስድስት ወር፣ 24 ወር የሠራ ለ12 ወር ይከፈለዋል፤ ልጅ ለሌለው ከኔቶው 60 በመቶ። በዚህ ደመወዝ ሙሉ ሰዓት ለሠራች ከ1,000 ዩሮ ትንሽ ያልፋል። ከ1,213 ያንሳል፤ ስለዚህ ተመልሳ ጆብሴንተር ደጃፍ ትቆማለች። ልጆች ላሏቸው ግን ከጆብሴንተር ይልቅ ቮንጌልድ (የቤት ኪራይ ድጎማ) እና ኪንደርጹሽላግ (የልጅ ተጨማሪ ድጎማ) አብረው ሊያወጧቸው ይችላሉ፤ ሁለት ልጅ ያላት ሠራተኛ ይህን ሳታስቆጥር አውፍሽቶከር ሆና መቆየት የለባትም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሞ መታየት አለበት። አሁንም በስደተኞች የጋራ መኖሪያ ውስጥ ያለ ሰው ሙሉ ሥራ ሲገባ የአልጋው ክፍያ ከጆብሴንተር ወደ እሱ ይዞራል። ይህ ክፍያ ለአንድ አልጋ ከሚገመተው በላይ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ከተሞች ለሚሠሩ ቅናሽ አላቸው፣ በማመልከቻ ብቻ። ውል ከመፈረሙ በፊት ማኅበራዊ ሠራተኛውን የክፍያ ደንቡን በወረቀት መጠየቅ ነው።

ኮርሱ ካለቀ በኋላ ሰዓት ማሳደግ ሲመጣ፣ ኩባንያው ሌላ ሰው ከመቅጠሩ በፊት ሰዓቷ እንዲጨመርላት የጠየቀችን ሠራተኛ እንዲያስቀድም ሕጉ ያስገድደዋል። ጥያቄው ግን በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ኢሜይልም ይበቃል። ቢ2 ፈተናው ሊሰጥ አንድ ወር ሲቀረው «ከዚህ ቀን ጀምሮ በሳምንት 39 ሰዓት መሥራት እፈልጋለሁ» የሚል አንድ መስመር ለአሠሪው ትልካለች፤ ግልባጩን ለራሷ ታስቀራለች። የአውስቢልዱንግ ማመልከቻዎቿ መልስ በዚያው ሰሞን ስለሚመጣ፣ ከሁለቱ የቀደመው የሚቀጥለውን ዓመት ይወስንላታል።